አሜሪካ ለገባችሁ የድሬና የሐረር ልጆች፦ ኦቨርታይም ሳይውጣችሁ ለትምህርት ተመዝገቡ

አሜሪካ የገባ የድሬ ልጅ መጀመሪያ የሚሰማው ምክር «ቶሎ ሥራ ግባ» ነው። ልክ ነው። ኪራይ ጊዜ አይሰጥም፤ ቤተሰብም እጅ እጃችሁን ያያል። ችግሩ የሚመጣው ከዚያ በኋላ ነው። መጋዘን ወይም ፓርኪንግ ትገባላችሁ፣ ኦቨርታይም ይጣፍጣል። «ትምህርት በሚቀጥለው ዓመት» እያለ ስንት መሐንዲስ ታክሲ መሪ ላይ ቀርቷል!

ስለዚህ ሥራ እየፈለጋችሁ ወረቀቱን አስጀምሩ። ሐረማያ ወይም ድሬዳዋ ዩኒቨርሲቲ ተምራችሁ ከሆነ ዲግሪውን ይዞ መምጣት ብቻ አይበቃም። እንደ ደብሊው ኢ ኤስ ያሉ፣ የውጭ ዲግሪ በአሜሪካ ምን ያህል እንደሚቆጠር የሚመዝኑ ገምጋሚዎች ኦፊሻል ትራንስክሪፕት ከሬጅስትራር በቀጥታ እንዲላክላቸው ይፈልጋሉ። ስቱደንት ኮፒ አይሠራም። ኮስት ሼሪንግ ያልከፈለ ደግሞ መጀመሪያ እዳውን መጨረስ አለበት። ይህን የሚያስፈጽም ሰው ውክልና ያስፈልገዋል። ስትወጡ ካልሰጣችሁ ቆንስላ መሄድ ነው። ደግሞ ለእህታችሁ ስጧት እንጂ «አቦ፣ ችግር የለም፣ ነገ እጨርሰዋለሁ» ለሚላችሁ ጓደኛ አትስጡ። በርጫ ላይ ተረስቶ ይቀራል።

ፎርም ስትሞሉ የዘመን አቆጣጠሩን አስተውሉ። ሰኔ 2005 የተመረቀ ሰው 2013 ብሎ ይጽፋል። የቆዩት የሐረማያ ተመራቂዎች ወረቀት ላይ ያለው ስም «አለማያ» ነው፤ ስሙ መለወጡን አብራችሁ ግለጹ።

ሐረር ሕይወት ፋና ሆስፒታል ስትሠራ የነበረች ነርስ እዚህ እንደመጣች ነርስ አትሆንም። ማስረጃዋን አስገምግማ ኤንክሌክስ የሚባለውን የነርስ ፈቃድ ፈተና ማለፍ አለባት። ይህ ጊዜ ይወስዳል። እስከዚያ ሲኤንኤ (ረዳት ነርስ) ብትሆን እመርጣለሁ። የፌዴራል ሕግ የሚጠይቀው ሥልጠና ቢያንስ 75 ሰዓት ነው፤ አንዳንድ ስቴት ይጨምርበታል። ብዙ ነርሲንግ ሆሞች (የአረጋውያን መንከባከቢያዎች) ለሚቀጥሩት ሰው ወጪውን ይሸፍናሉ። ደመወዙ የሚያኮራ አይደለም፤ ወገብም ይፈትናል። ግን ከሙያዋ አትርቅም፣ የሕክምናውን እንግሊዝኛም በየቀኑ ትሰማለች። መጋዘን ውስጥ ይህ የለም።

አሥራ ሁለተኛን ጨርሳችሁ በዲቪ ለመጣችሁ ኮሚኒቲ ኮሌጅ (የሁለት ዓመት የሕዝብ ኮሌጅ) ይሻላል። ግሪን ካርድ ያለው ሰው ፋፍሳ የሚባለውን የትምህርት ድጋፍ ማመልከቻ ሞልቶ ለፔል ግራንት፣ ማለትም መንግሥት ለተማሪ ለሚሰጠው ድጎማ፣ ማመልከት ይችላል። ብድር አይደለም፣ አይመለስም። በ2025-26 የትምህርት ዓመት ጣሪያው 7,395 ዶላር ነው፤ መጠኑ እንደ ገቢያችሁ ይለያያል። የመጀመሪያ ዲግሪ ያለው ሰው ግን፣ ከኢትዮጵያም ቢሆን፣ ፔል አያገኝም። ሲጠየቅ ዲግሪውን የሚደብቅ አለ፤ አታድርጉት፣ ፎርሙን ፈርማችሁበታል።

በብዙ ስቴቶች አንድ ዓመት ያልኖረ ሰው የሚከፍለው የኮሌጅ ክፍያ ውድ ነው። የኪራይ ውላችሁንና መንጃ ፈቃዳችሁን ከመጀመሪያው ጀምሮ በስማችሁ አድርጉ፤ ነዋሪነታችሁን የምታሳዩት በዚያ ነው። ኮሌጁ የምደባ ፈተና የሚሰጥ ከሆነ ሳትዘጋጁ አትግቡ። ሒሳቡን ቤተ መጻሕፍት ሄዳችሁ ከልሱ፣ ነፃ ነው። ዝቅ ያለ ክፍል ከተመደባችሁ ለዲግሪው ለማይቆጠር ኮርስ ትከፍላላችሁ።