ዶሮዬ ታነክሳለች ለምትሉ፣ መጀመሪያ እግሯን ገልብጣችሁ እዩ

ዶሮ ካነከሰች እኛ ሰፈር የመጀመሪያው ሐኪም ቢላ ነው፣ "ሳትከሳ እረዷት" ነው ሚባለው። ይሄን ምጽፈው ግን ለድስት ላልታሰበች፣ ልጆቹ ስም አውጥተውላት ግቢ ለግቢ እየተከተለቻቸው ለምትውል ዶሮ ነው፣ ሌላው እንደፈለገ ያርግ።

ቀን ላይ አታሯሩጧት፣ ያመማትን እግር ጭራሽ ታብሱባታላችሁ፣ ማታ ቆጥ ላይ ከወጣች በኋላ ቀስ ብላችሁ አንሷት። በፎጣ ወይ በአሮጌ ነጠላ ክንፏን ጠቅልሉና አይኗን ሸፈን አድርጉላት፣ ሲጨልምባት ትረጋጋለች። ደረቷን እንዳትጫኑ ብቻ፣ ዶሮ ምትተነፍሰው ደረቷን እያንቀሳቀሰች ስለሆነ አጥብቆ ያቀፋት ሰው ሳያውቀው ያፍናታል። ከዛ በስልክ መብራት ውስጥ እግሯን፣ የጣቶቿን መሀል፣ ቅልጥሟን፣ መገጣጠሚያዋን እያዳበሳችሁ ሁለቱን እግር አነጻጽሩ። የቱ ነው ያበጠው፣ የቱ ነው ሚያተኩሰው? ይሄን ሳታዩ መድኃኒት ፍለጋ አትሩጡ፣ ለአንዱ ሚሆነው ለሌላው ምንም አይሰራም።

መጀመሪያ ክር ፈልጉ። ማንም አይጠረጥረውም እንጂ ከባቲ ሰኞ ገበያም ግዙ ከሌላ ዶሮ ሚመጣው እግሩ በቃጫ ተጠፍሮ ተዘቅዝቆ ነው፣ ቤት ሲደርስ ደግሞ "ቤቷን እስክትለምድ" ተብሎ ባንድ እግሯ ትታሰራለች፣ ገመዱ ተፈታ ሲባል አንዲት ቀጭን ዘለላ እዛው ትቀራለች። ሹሩባ ሲሰራ የወደቀ ጸጉርና የስፌት ክርም ጣቷ ላይ ይጠመጠማል። ሲቆይ ቆዳው ውስጥ ሰምጦ አይታይም፣ ሚታያችሁ ጣቱ አብጦ ከስሩ ዙሪያውን የገባ መስመር ነው። ለብ ባለ ውሃ አርጥቡትና በወረንጦ አንድ ጎኑን ሳብ አድርጋችሁ በትንሽ መቀስ በጥሱት፣ ከዛ በጨው ውሃ አጥባችሁ ቤታዲን ቀቡት። ጣቱ ጠቁሮ ደርቆ ከቀዘቀዘ ግን ሞቷል፣ ራሳችሁ እንዳትቆርጡት፣ እሱ የእንስሳት ሐኪም ስራ ነው። አዲስ ዶሮ ማልመድ ከፈለጋችሁ ደግሞ ማሰሩን ትታችሁ ጥቂት ቀን ቤት ዝጉባት፣ ማታ መግቢያዋን ታውቀዋለች።

ውስጥ እግሯ ላይ ጥቁር ድርቅ ያለ ቅርፊት ካለና ዙሪያው አብጦ ካተኮሰ መግል ቋጥሯል ማለት ነው። እሾህ ወይ ድንጋይ ይወጋታል፣ ወይ ከከፍታ ስትዘል ይፈነክታታል፣ በዛች ቀዳዳ ስታፊሎኮከስ ሚባለው ባክቴሪያ ይገባል። ደሴና ከዛ በላይ ባለው ደጋ ሐምሌና ነሐሴ ላይ ወለሉ ሳይደርቅ ስለሚከርም ቆዳው ይርስና ቶሎ ይሰነጠቃል፣ ክብደት ያላቸው እንደ ሳሶ አይነቶቹ ደግሞ ከሐበሻዋ ይልቅ ይጠቃሉ ምክንያቱም ሲዘሉ መሬቱን ሚመቱት በሙሉ ኪሏቸው ነው። ጓንት አድርጉ፣ ባክቴሪያው ሰውም ላይ ቁስል ካገኘ ይገባል። አንድ ሊትር ለብ ያለ ውሃ ውስጥ አንድ የሾርባ ማንኪያ ጨው በጥብጣችሁ እግሯን ከ10 እስከ 15 ደቂቃ ንከሩት፣ ውሃው ለእጃችሁ አንጓ ሚመች ሙቀት ይሁን። ካወጣችሁት በኋላ በንጹህ ጨርቅ አድርቁ። ቅርፊቱ ረስርሶ በራሱ ከተነሳ አንሱት፣ ካልተነሳ አትታገሉት ነገ እንደገና ንከሩት። የዶሮ መግል እንደ ሰው መግል አይፈስም፣ እንደ አይብ የጠጠረ ነው፣ ስለዚ መጭመቅ ከንቱ ድካም ነው፣ እንዲያውም ወደ ውስጥ ወደ ጅማቱ ይገፋባችኋል። በምላጭ ቆፍሮ ማውጣቱን ቪዲዮ አይቶ ሚሞክር አለ፣ እኔ አልመክርም፣ ዶሮም ያማታል እኮ! ዝም ስላለች አላመማትም ማለት አይደለም።

ከታጠበ በኋላ ቤታዲን፣ ከላይ ጎዝ፣ ከዛ ፋሻውን በጣቶቿ መሀል አሳልፋችሁ ቅልጥሟ ላይ አንዴ ሁለቴ አዙሩና በፕላስተር ያዙት። ስታስሩ አታጥብቁ፣ ግማሽ ሰዓት ቆይታችሁ ጣቶቿን ንኩ፣ ከቀዘቀዙ ወይ ካበጡ ፈታችሁ አላልታችሁ እሰሩ። በየቀኑ ይቀየራል፣ ከረጠበማ ወዲያው። እስኪሻላት ድረስ ደረቅ የጤፍ ጭድ በብዛት የተነጠፈበት ካርቶን ውስጥ ለብቻዋ አስቀምጧት፣ ሌሎቹ ደም ካዩ ፋሻውን ሳይቀር እየጠቀጠቁ ያስለቅሷታል። በሳምንት ውስጥ እብጠቱ ካልቀነሰ፣ ወደ ላይ ወደ መገጣጠሚያው ከወጣ ወይ መብላት ካቆመች ወደ ክሊኒክ።

እዚህ ጋ ስለ ቴትራሳይክሊን ልበል። የሰው ካፕሱል ፈልቅቆ ውሃዋ ላይ መበተን ልማድ ሆኗል። ጎረቤቴ እትዬ ደግሞ "እኔኮ ልጄ ያለሷ አላረባም" ትለኛለች፣ ምን ልበላት። የታመመች ዶሮ ውሃ በደንብ ላትጠጣ ስለምትችል መጠኑ ላይደርሳት ይችላል፣ ክሩን አይፈታ፣ የደረቀውን መግል አያወጣ፣ ዞሮ ዞሮ እንቁላሏ ውስጥ ገብቶ ልጃችሁ ይበላዋል። አንቲባዮቲክ ካስፈለገ ሐኪሙ ይስጥ፣ እንቁላሏ ስንት ቀን እንደማይበላም ጠይቁት።

ሶስተኛው እከክ ነው። ቅልጥሟ ላይ ያሉት ቅርፊቶች ተነስተው ሸካራ ሆነው በስራቸው ነጭ አመድ ሚመስል ነገር ካለ ከቅርፊቱ ስር በአይን ማትታይ የቅንቅን አይነት ተሰግስጋለች። ለብ ባለ ውሃና ሳሙና ንከሩ፣ በአሮጌ የጥርስ ብሩሽ ቀስ ብላችሁ አሹት፣ አድርቃችሁ ቫዝሊን ወፈር አድርጋችሁ ለቅልቁ፣ ቅንቅኗ አየር ሲያጥራት ትሞታለች። ቅርፊቱን በግድ እንዳትልጡት፣ ይደማል። በየሁለት ሶስት ቀኑ እየደጋገማችሁ ለተወሰኑ ሳምንታት ነው፣ አንዴ ቀብቶ መተው አይሰራም፣ ጤነኛ ሚመስሉትንም አብራችሁ ቀቡ ምክንያቱም ቆጥ ላይ ተደጋግፈው ሲያድሩ ይተላለፋል። ላምባና የተቃጠለ የመኪና ዘይት ሚቀቡ አሉ፣ ቆዳዋን ያቃጥላል፣ ተዉት። የተበላው ቅርፊት እስኪቀየር ወራት ሊፈጅ ይችላል አብሽሩ።

እግሯ ላይ ምንም ሳይኖር ምታነክስ ከሆነስ? አንዱ እግር ወደፊት አንዱ ወደኋላ ተዘርግቶ መነሳት ካቃታት ማሬክስ ሊሆን ይችላል፣ ነርቭ ሚይዝ ቫይረስ ነው፣ መድኃኒት የለውም፣ ክትባቱ በተፈለፈሉበት ቀን ነው ሚሰጠው። አንገቷ ከተጠማዘዘና አረንጓዴ ካስቀመጣት ደግሞ ፈንግልን ጠርጥሩ፣ ቶሎ ለይታችሁ ለወረዳው የእንስሳት ጤና ባለሙያ ንገሩ። ጫጩት ጣቱን ወደ ውስጥ ጨብጦ በቁርጭምጭሚቱ ሚሄድ ከሆነ ብዙ ጊዜ የቫይታሚን ቢ2 እጥረት ነው፣ በጊዜ ከተያዘ ከእንስሳት መድኃኒት ቤት ቫይታሚን ገዝቶ ውሃው ላይ መስጠት ያነሳዋል። እግሩ ወደ ጎን ለተንሸራተተ ጫጩት ደግሞ ካርቶኑን ጨርቅ አንጥፉበት፣ ሁለቱን እግር በሚሄድበት ስፋት በፕላስተር ለጥቂት ቀን አያይዙለት፣ ይሄ ግን በተፈለፈለ በመጀመሪያዎቹ ቀናት ካልሆነ አጥንቱ ይጠነክርና አይመለስም።

ቆጡን ካላስተካከላችሁ ግን ያው ተመልሶ ይመጣል። ከመሬት ግማሽ ሜትር ገደማ ይበቃታል፣ እንጨቱ ተልጦ ስንጥሩ ይጥፋ፣ ከስሩ ጭድ አድርጉና ሲረጥብ ቀይሩት። ቆጡን ጣራ ስር ማድረግ የለመዳችሁ፣ ሽልምጥማጥ ፈርታችሁ እንደሆነ ይገባኛል፣ እሱን በሩን በደንብ በመዝጋት ነው ምትከላከሉት።