በባሕር ዳር የአባይ ዳርቻ ወፎችንና አውሬዎችን እንዴት ማየት ይቻላል

ከጣና ወጥቶ ባሕር ዳርን አቋርጦ የሚወርደው አባይ ዳርቻው ቀኑን ሙሉ ሰው አይጠፋበትም። ልብስ ይታጠብበታል፣ ከብት ይጠጣበታል፣ ሣር ይታጨድበታል። እንስሳቱ ግን ሰዓታቸውን ቀየሩ እንጂ ቦታውን አልለቀቁም። ስለዚህ መንገዱን ከዳር እስከ ዳር መዞር ትርፍ የለውም፤ አንድ ጥሩ ቦታ መርጦ ግማሽ ሰዓት ሳይንቀሳቀሱ መቀመጥ ይሻላል።

ከንጋቱ 12:00 እስከ 2:30 ወይም ከሰዓት በኋላ ከ10:30 ጀምሮ ውጡ። ጠዋት በምሥራቁ ዳርቻ ሁናችሁ ወደ ምዕራብ፣ ማታ በምዕራቡ ሁናችሁ ወደ ምሥራቅ ተመልከቱ። ፀሐይ ከጀርባችሁ ካልሆነች ወፉ ሁሉ ጥቁር ጥላ ሆኖ ይቀራል። ከሐምሌ እስከ መስከረም ውኃው ይደፈርሳል፣ መንገዱም ይጨቀያል፤ ከጥቅምት ጀምሮ ደግሞ ከአውሮፓና ከእስያ የሚመጡ ወፎች ይጨመራሉ። በ1996 እ.ኤ.አ. የተሠራው የጨራጨራ የውኃ መቆጣጠሪያ የወንዙን መጠን ስለሚወስን ዛሬ ወፍ የሰፈረበት ድንጋይ ሌላ ቀን ተውጦ ሊገኝ ይችላል።

አቅራቢ መነጽር ከገዛችሁ 8 በ42 የሚለውን (8 እጥፍ የሚያቀርብ፣ የፊት መስታወቱ 42 ሚሊ ሜትር የሆነ) ያዙ፤ 12 እጥፍ የሚያቀርበው የእጅን መንቀጥቀጥም አብሮ ያጎላል። ነጭ ጋቢ ለጠዋቱ ብርድ መልካም ነው፣ ግን ከሩቅ ያጋልጣችኋል፤ ቡናማ ወይም አረንጓዴ ልበሱ። የተሸፈነ ጫማ አድርጉ፤ ሣር በበዛበት ረጋ ያለ ውኃ ውስጥ ግን ጫማም ቢኖር እግር አትንከሩ። ቢልሃርዚያን የሚያስተላልፈው ቀንድ አውጣ የሚኖረው እዚያ ነው።

ስትቀመጡ መጀመሪያ ውኃው ላይ የተንጠለጠሉ ደረቅ ቅርንጫፎችን ቃኙ። ዓሣ የሚያድኑ ወፎች መቀመጫቸው እሱ ነው። ጥቁርና ነጭ ዝንጉርጉሩ ወፍ አየር ላይ እየተርገበገበ ባለበት ቆሞ በምንቃሩ ይወረወራል፤ ደረቱ ላይ ሁለት ጥቁር መቀነት ካለው ወንድ፣ አንድና መሐሉ የተቆረጠ ከሆነ ሴት ናት። ቁራ የሚያህለው ዘመዱ ቡናማ ቀለሙ ደረቱ ላይ ከሆነ ወንድ፣ ሆዱ ላይ ከሆነ ሴት ነው። ትንሹ፣ ጀርባው ሰማያዊ ምንቃሩ ቀይ የሆነው ግን ደንገሉ ውስጥ ዝቅ ብሎ ስለሚቀመጥ ብዙ ሰው ሳያየው ያልፋል፤ ደንገሉን ከታች ወደ ላይ ፈትሹት። ትልልቅ ዛፎች ላይ ራሱና ደረቱ ነጭ የሆነ ንስር ታያላችሁ፤ ሲጮህ አንገቱን ወደ ኋላ ይጥላል። በዛፍ ባላ ላይ የእንጨት ክምር የሚመስል፣ ስፋቱ አንድ ሜትር የሚያልፍ ጎጆ ካያችሁ ራሱ መዶሻ የሚመስለው ቡናማ ወፍ ጎጆ ነው።

ሾላና ዋርካ ፍሬ ሲይዙ ወንዙን ትታችሁ ከዛፉ ሥር ራቅ ብላችሁ ተቀመጡ፤ ወፉ ራሱ ይመጣላችኋል። ጦጣም ይመጣል። ቆሎም ሆነ ሙዝ አትስጡት፤ አንዴ ከለመደ ቀጣዩን ሰው ቦርሳ ይነጥቃል።

አርጃኖን ብዙዎች የአዞ ግልገል ይሉታል። አንገቱ ረዘም ያለ ነው፣ ሰውነቱ ቢጫ ነጠብጣብ አለው፣ ምላሱ እንደ እባብ ሁለት ቅርንጫፍ ሆኖ ይወጣል። ከ3:30 በኋላ ድንጋይ ላይ ፀሐይ ሲሞቅ ፈልጉት።

ጉማሬ ሌላ ጉዳይ ነው። ቀን ውኃ ውስጥ ይውላል፣ ሲመሽ ለግጦሽ ይወጣል፣ ጎሕ ሲቀድ ይመለሳል፤ ማለትም ለወፍ በወጣችሁበት ሰዓት እሱም መንገድ ላይ ሊሆን ይችላል። ዱካውን ለዩ፦ እግሮቹ ተራርቀው ስለሚረግጡ መሐሉ ጉብ ያለ ሁለት ትይዩ ቦይ ይሠራል፣ ኮቴው አራት ጣት አለው፣ ፋንድያውም በጅራቱ ስለሚበትነው ቁጥቋጦው ላይ ተለጥፎ ይገኛል። እንዲህ ያለ መውጫ ካገኛችሁ በላዩም፣ በእሱና በውኃው መካከልም አትቀመጡ። ሰው የሚጎዳው አብዛኛውን ጊዜ ወደ ውኃው የሚመለስበትን መንገድ ስንዘጋበት ነው። አፉን መክፈቱ ማዛጋት አይደለም፣ ማስጠንቀቂያ ነው፤ ፊታችሁን ሳታዞሩ ቀስ እያላችሁ ወደ ኋላ ሽሹ። ሮጦ ማምለጥ አይታሰብም። ለማየት ደኅናው ከፍታ ነው፤ ከቤዛዊት ኮረብታ ወንዙ ቁልቁል ይታያል፣ ጆሮና አፍንጫ ብቻ ብቅ ሲል ጠብቁ። ጠልቆ እስከ 5 ደቂቃ ሊቆይ ስለሚችል ቶሎ የለም ብላችሁ አትነሡ።

ከሁሉ በፊት ግን ሣር አጫጆችንና ዓሣ አስጋሪዎችን ጠይቁ። «እንደምን አደሩ ጋሼ፣ ጉማሬው በየት በኩል ወጣ?» ብሎ መጀመር የአንድ ሳምንት ፍለጋ ይቆጥባል። ካሜራ ከያዛችሁ ወደ ድልድዩና ወደ ውኃ መቆጣጠሪያው ከማነጣጠራችሁ በፊት ጥበቃውን አስፈቅዱ።

ያያችሁትን እዚያው ጻፉ፦ ቦታ፣ ብዛት፣ ምን ሲያደርግ እንደነበር። እንደ ኢበርድ (eBird) ባለ የወፍ መመዝገቢያ የስልክ መተግበሪያ ስትመዘግቡ የሚበላሸው ሰዓቱ ነው። በእኛ ከጠዋቱ 1:00 የታየውን 7:00 ብላችሁ ካላስገባችሁ ከእኩለ ሌሊት በኋላ የታየ ሆኖ ይቀመጣል። ቀኑንም በስልኩ የአውሮፓ አቆጣጠር ሙሉ። እንቁላል ወይም ጫጩት ያለበት ጎጆ ሲሆን ግን ትክክለኛ ቦታውን አታጋሩ፤ የሰፈሩን ስም መጻፍ ይበቃል።