የፎቶ ኤዲቲንግ ሴሚናር ላይ እንዴት ይሳተፋሉ? ከዚያስ ሶፍትዌር እንዴት ይመረጣል?

የመጀመሪያዬ የፎቶ ኤዲቲንግ ሴሚናር ላይ ደብተሬን ሞልቼ ነው የወጣሁት። የትኛው ሜኑ ውስጥ ምን እንዳለ፣ የትኛው ቁልፍ ከየትኛው ጋር እንደሚጫን፣ ያልጻፍኩት አልነበረም። ቤት ገብቼ የራሴን ፎቶ ስከፍት ግን ከየት እንደምጀምር ጠፋኝ። አሰልጣኙ ሲሠሩበት የዋሉት በጠዋት ብርሃን የተነሳ የተራራ ፎቶ ነው። የእኔ ደግሞ አምፑል ቢጫ ያለበሰው፣ የሰዎቹ ፊት የጨለመበት የቤት ውስጥ ፎቶ። ጥቂት ቆይቶ ፕሮግራሙ ሲታደስ ሜኑዎቹ ቦታ ቀያየሩ፤ ማስታወሻዬም አብሮ አረጀ።

ከዚያ ወዲህ ሴሚናር ስሄድ የምይዘው የራሴን ፎቶና የራሴን ጥያቄ ነው። ሶፍትዌር የምመርጠውም ከሴሚናሩ በኋላ፣ በእነዚያው ፎቶዎች ፈትኜ ነው። አካሄዱን ደረጃ በደረጃ ላሳያችሁ።

1. ከመመዝገባችሁ በፊት ፎቶው የት እንደሚደርስ ወስኑ

ፎቶዎቻችሁ መጨረሻቸው የት ነው? ስልክ ስክሪን ላይ ነው? ታትሞ ግድግዳ ላይ? ወይስ በአንድ ቀን 800 የሠርግ ፎቶ ተስተካክሎ መውጣት አለበት? ለሽያጭ የሚቀርብ ዕቃ የሚያነሳ ሰውና የቤተሰብ አሮጌ ፎቶ የሚጠግን ሰው የሚያስፈልጋቸው ትምህርት ለየቅል ነው።

ይህን ካወቃችሁ በኋላ አዘጋጆቹን ሦስት ነገር ጠይቁ። በየትኛው ሶፍትዌር ነው የምንሠራው? እኛም እጃችንን እናስገባለን ወይስ ተቀምጠን እናያለን? የራሳችንን ፎቶ ይዘን መምጣት እንችላለን? ለሦስተኛው ጥያቄ መልሱ “አይቻልም” ከሆነ እኔ ሌላ ሴሚናር እፈልጋለሁ።

2. ሦስት ፎቶ ምረጡ

አንዱ ከኋላው ብርሃን መጥቶበት ፊቱ የጨለመ ይሁን። ሁለተኛው ቀለሙ የተበላሸ፣ ቢጫ ወይም አረንጓዴ የበዛበት። ሦስተኛው የምትወዱት፣ ግን የሆነ ነገር የሚጎድለው የሚመስላችሁ። ይህ ሦስተኛው ብዙ ያስተምራል። ምን እንደጎደለው በቃላት ለማስረዳት ስትሞክሩ ዓይናችሁ መሠልጠን ይጀምራል።

ካሜራችሁ ወይም ስልካችሁ ሮው ፋይል (ካሜራው የያዘውን ብርሃን ሳያሳንስ የሚያስቀምጥ ጥሬ ፋይል) የሚያስቀምጥ ከሆነ ሮውን ያዙ። ምክንያቱ ቀላል ነው። የተለመደው የፎቶ ፋይል፣ ጄፔግ፣ ለእያንዳንዱ ቀለም 8 ቢት ብቻ አለው፤ ከጥቁር እስከ ሙሉ ብርሃን 256 ደረጃ ማለት ነው። 14 ቢት የሆነ ሮው ፋይል ደግሞ 16,384 ደረጃ ይይዛል። የጨለመ ፊት ለማብራት ስትሞክሩ ልዩነቱን በዓይናችሁ ታዩታላችሁ። ሮው ላይ የቆዳው ዝርዝር ይወጣል። ጄፔጉ ላይ ፊቱ ግራጫ ይሆናል፣ ቀለሙም ይቆራረጣል። ዋናዎቹን ፋይሎች ቤት ትታችሁ ቅጂያቸውን በፍላሽ ያዙ።

3. ላፕቶፑን አዘጋጁ

ሶፍትዌሩን አስቀድማችሁ ጫኑ። ሃምሳ ሰው በአንድ ዋይፋይ ላይ ሲያወርድ ግማሽ ቀን ይባክናል። የነፃ ሙከራ ጊዜ ያለው ፕሮግራም ከሆነ ግን ሙከራውን ከሴሚናሩ አንድ ቀን በፊት ጀምሩት። አንዳንዶቹ የሚሰጡት 7 ቀን ብቻ ነው፤ ከሴሚናሩ በኋላ ለምትሠሩት ፈተና ቀን ሊተርፋችሁ ይገባል።

ማውስ ያዙ። በጣት ሰሌዳ ማስክ መሳል፣ ማለትም ማስተካከያው የት ላይ ብቻ እንዲሠራ መለየት፣ ያሰለቻል።

አንድ ነገር ደግሞ ብዙ ሰው ይረሳዋል። ላፕቶፓችሁ ማታ ላይ ስክሪኑን የሚያቢጫጭ ሞድ ካለው አጥፉት። እሱ በርቶ ቀለም ብታስተካክሉ፣ ሌላ ስክሪን ላይ ፎቶው ሰማያዊ ሆኖ ይጠብቃችኋል። ብርሃኑንም መሃል ላይ አድርጉት።

4. አዳራሹ ውስጥ፦ ቁልፉን ትታችሁ ምክንያቱን ጻፉ

ደብተራችሁን በሦስት ክፈሉት። በመጀመሪያው ዓምድ ፎቶው ምን ችግር እንደነበረው ጻፉ። በሁለተኛው ምን ተደረገለት። በሦስተኛው ደግሞ አሰልጣኙ ለምን እዚያ ላይ እንዳቆሙ። ሦስተኛው ዓምድ ብዙ ጊዜ ባዶ ይቀራል፤ ምክንያቱም አሰልጣኞች ሳይጠየቁ አይናገሩትም። እጃችሁን አውጡና ጠይቁ፦ “ይበቃል ያሉት ምን አይተው ነው?” የሚመልሱት ነገር ከማንኛውም የቁልፍ ዝርዝር ይበልጣል። አንዱ አሰልጣኝ “የዓይኑ ነጭ ክፍል ከሸሚዙ በላይ ሲያበራ አልፌዋለሁ ማለት ነው” ብለውኛል። እስከ ዛሬ የሰው ፎቶ ስሠራ የማየው እሱን ነው።

የሥራውን ቅደም ተከተልም ተከታተሉ። ብዙዎቹ በዋይት ባላንስ፣ ማለትም የበዛውን ቢጫ ወይም ሰማያዊ በማስተካከል፣ ይጀምራሉ፤ ከዚያ አጠቃላይ ብርሃን፣ ከዚያ የደመቀውና የጠቆረው ክፍል፣ ከዚያ በአንድ ቦታ ላይ የሚሠሩ ሥራዎች፤ ሻርፕ ማድረግ (ጠርዞችን ማጥራት) መጨረሻ ላይ። ለምን እንዲህ ሆነ? ቀለሙ ሳይስተካከል ብርሃኑን ብትነኩ፣ በኋላ ቀለሙን ስታስተካክሉ ብርሃኑም ይዛባና ወደኋላ ትመለሳላችሁ። ሻርፕ ማድረግ ደግሞ የፎቶውን ነጠብጣብም ስለሚያጎላው ቀድሞ አይመጣም።

ከአንድ ፕሮግራም ወደ ሌላው አብረዋችሁ የሚሄዱ አራት ሐሳቦች አሉ፦ ሂስቶግራም፣ ከርቭስ፣ ሌየርና ማስክ። ሂስቶግራም ከጥቁር እስከ ነጭ ባለው መስመር ላይ ምን ያህል ፒክሰል (ፎቶው የተሠራበት ትንሽ ነጥብ) የት እንዳለ የሚያሳይ ግራፍ ነው። ግራፉ ቀኝ ጠርዝ ላይ ከተከመረ ብርሃን ያቃጠለው ቦታ አለ ማለት ነው። ከርቭስ ያንን መስመር በእጅ ማጠፍ ነው። ሌየር በፎቶው ላይ እንደሚደራረብ የመስኮት መስታወት ነው፤ ማስክ ደግሞ መስታወቱ የት ላይ እንዲታይ የት ላይ እንዲደበቅ ይወስናል። እነዚህ አራቱ ከገቧችሁ ሜኑው የትም ቢሄድ ታገኙታላችሁ።

በዕረፍት ሰዓት ከቡናው በፊት ወደ አሰልጣኙ ሂዱ። የጨለመውን ፎቶ አሳዩአቸውና “እርስዎ ቢሆኑ ከየት ይጀምራሉ?” በሏቸው። ሁለት ደቂቃ ቢሰጧችሁ እንኳ ትልቅ ነገር ነው።

5. ሶፍትዌሮቹ፦ መጀመሪያ ጎራቸውን ለዩ

አሰልጣኙ የሚጠቀሙበት ፕሮግራም ለእሳቸው ሥራ የተመረጠ ነው። ለእናንተ ላይሆን ይችላል። ብዙ ጀማሪ “ፎቶሾፕ ይሻላል ላይትሩም?” ብሎ ይጠይቃል። ሁለቱ ግን የአንድ ሥራ ተፎካካሪዎች አይደሉም።

አንዱ ጎራ ብዙ ፎቶ የሚያደራጅና ሮው የሚያስተካክል ነው። ላይትሩም፣ ካፕቸር ዋን፣ ዳርክቴብልና ሮውቴራፒ እዚህ ይገባሉ። እነዚህ ዋናውን ፎቶ አይነኩትም። ያደረጋችሁትን ለውጥ እንደ ትእዛዝ ለብቻው ይመዘግቡና ፎቶውን ስታወጡ ብቻ ይተገብሩታል። ዛሬ የሠራችሁትን ከዓመት በኋላ ከዜሮ መጀመር ትችላላችሁ። የአንዱን ፎቶ ማስተካከያ ገልብጣችሁ ለሁለት መቶ ፎቶ መስጠትም ይቻላል። ሠርግ፣ ጉዞ፣ ስፖርት የሚያነሳ ሰው ቦታው እዚህ ነው።

ሌላኛው ጎራ አንድን ፎቶ ፒክሰል በፒክሰል የሚሠራ ነው። ፎቶሾፕ፣ ጊምፕ፣ አፊኒቲና ፎቶፒ። ከጀርባ ያለን ሰው ማጥፋት፣ ሁለት ፎቶ ማዋሃድ፣ ጽሑፍ መጨመር፣ የተቀደደ አሮጌ ፎቶ መጠገን የእነዚህ ሥራ ነው።

ፎቶሾፕ በ1990 የወጣ ነው። ዛሬ ያለሱ የማናስበው ሌየር ግን የመጣው በ1994፣ በሦስተኛው ቅጂ ላይ ነው። አቅሙ አያጠያይቅም። ትምህርት በሽበሽ ነው፣ ማተሚያ ቤቶችም ፋይሉን ያውቁታል። ከ2013 ወዲህ ግን አዳዲሶቹ ቅጂዎች የሚገኙት በየጊዜው በሚከፈል ክፍያ ነው። ክፍያው ሲቆም ፕሮግራሙ ይዘጋል። በሥራው ገቢ የምታገኙበት ከሆነ ይህ ወጪ ነው፣ ይታሰባል። በወር ሁለት ፎቶ ለምትነኩ ግን እኔ አልመክርም።

ጊምፕን ሁለት የበርክሊ ዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች በ1995 ጀመሩት። ነፃ ነው፣ በሊኑክስም በዊንዶውስም በማክም ይሠራል። ለረጅም ጊዜ ይወቀስበት የነበረው ነገር ያደረጋችሁት ለውጥ ፎቶው ላይ ስለሚቀር በኋላ ማስተካከል አለመቻሉ ነው። በ2025 የወጣው 3.0 ቅጂ ይህን በብዛት ፈትቶታል፤ ፊልተሮቹን በኋላ ተመልሶ መቀየር ይቻላል። ጊምፕን ከዓመታት በፊት ሞክራችሁ የተዋችሁት ካላችሁ እንደገና እዩት።

ዳርክቴብልም ነፃ ነው። የመጀመሪያው ሳምንት ላይ ይከብዳል፣ አልዋሻችሁም። ሞጁሎቹ፣ ማለትም የማስተካከያ ክፍሎቹ፣ ብዙ ናቸው። ግን አምስት ስድስቱን ብቻ መርጣችሁ ብትይዙ ከሚከፈልባቸው ጋር የሚወዳደር ውጤት ይሰጣል።

ደካማ ኮምፒውተር ላላችሁ ፎቶፒ አለ። ብራውዘር ላይ ይከፈታል፣ የፎቶሾፕ ፋይልም ያነባል። ስልክ ላይ ብቻ ለምትሠሩ ስናፕሲድ ነፃ ነው፣ ሮውም ይከፍታል። ክሪታን ደግሞ አንዳንዶች ለፎቶ ይጭኑታል፤ እሱ ለሥዕል የተሠራ ነው።

ስለ ተሰባበረ ሶፍትዌር፣ ማለትም ሳይከፈልበት እንዲሠራ ክራክ ስለተደረገው፣ አንድ ነገር ልበል። ይቅርባችሁ። ከቫይረስ ጋር የሚመጣው ብዙ ነው፤ የዓመታት ፎቶ ያለበትን ኮምፒውተር ለዚያ አሳልፎ መስጠት ያሳዝናል። ነፃ የሆኑ ጥሩ አማራጮች እያሉ ደግሞ ምንም አያስገድድም።

ከመምረጣችሁ በፊት መውጫውንም አስቡ። ላይትሩም ላይ የሠራችሁትን ማስተካከያ ዳርክቴብል እንዳለ አይወስደውም። ለፎቶዎቹ የሰጣችሁት ኮከብና ቁልፍ ቃል ሊሻገር ይችላል፣ መልኩ ግን እንዳለ አይሻገርም። ስለዚህ በጣም የምትወዷቸውን ፎቶዎች ጨርሳችሁ በ16 ቢት ቲፍ (ጥራት ሳይቀንስ የሚያስቀምጥ የፋይል ዓይነት) አውጥታችሁ አስቀምጡ። እሱን አብዛኞቹ ፕሮግራሞች ይከፍቱታል።

6. በአንድ ሳምንት ውስጥ ፈትኑ

ከሴሚናሩ በኋላ ቢበዛ በሁለተኛው ቀን ተቀመጡ። ከዚያ ካለፈ የሰማችሁት ይተናል። ለሥራችሁ ከሚሆነው ጎራ ሁለት ፕሮግራም ምረጡ፤ ቢቻል አንዱ ነፃ ይሁን። እነዚያኑ ሦስት ፎቶዎች በሁለቱም ሥሩ። ለእያንዳንዱ ፎቶ ሃያ ደቂቃ ስጡ፣ ሲያልቅ አቁሙ። የት ላይ እንደተጣበቃችሁ ጻፉ።

ውጤቱን ያን ቀን አትዩት። ፋይሎቹን ሀ እና ለ ብላችሁ ስማቸውን ቀይሩና በነጋታው ጠዋት ለሌላ ሰው አሳዩ። “የቱ ደስ ይላል?” ብቻ በሉ። ሁለቱ እኩል ከሆኑ፣ ብዙ ጊዜም እኩል ይሆናሉ፣ እጃችሁ ያልተጣበቀበትን ውሰዱ። ኮምፒውተሩም ድምፁን ይስጥ፤ ፎቶሾፕን በምቾት ለመጠቀም 16 ጊጋባይት ራም ይመከራል። 8 ካላችሁና ብዙ ሌየር የምትደራርቡ ከሆነ እየቆመ ያስቸግራችኋል።

ከመረጣችሁ በኋላ ሦስት ወር ሌላ አትንኩ።

7. ፎቶውን በትክክል አውጡ

ጥሩ ሥራ የሚበላሸው ብዙ ጊዜ እዚህ ነው። ለስልክና ለኢንተርኔት ከሆነ ቀለሙን ኤስአርጂቢ (አብዛኛው ስክሪን የሚጠቀምበት የቀለም ስፋት) አድርጋችሁ በጄፔግ አውጡ። ከዚያ ሰፋ ባለው በአዶቤ አርጂቢ የወጣ ፎቶ፣ ፕሮፋይሉን (ቀለሙ እንዴት እንደሚነበብ የሚናገረውን መረጃ) የማያነብ ፕሮግራም ላይ ደብዝዞ ይታያል። “ቀለሙን ማን በላው?” ብላችሁ የምትደነቁት ያኔ ነው።

ለኅትመት 300 ፒክሰል በኢንች አስቡ። 10 በ15 ሴንቲ ሜትር ለሆነ ፎቶ ወደ 1,200 በ1,800 ፒክሰል ይበቃል። መጀመሪያ አንድ ብቻ አሳትሙና መስኮት አጠገብ በቀን ብርሃን እዩት። ስክሪኑ ላይ ካያችሁት ከጨለመ፣ ጥፋቱ አብዛኛውን ጊዜ የስክሪናችሁ ብርሃን መብዛት ነው። ብርሃኑን ቀንሱ፣ ፎቶውን እንደገና ክፈቱ፣ ጥቂት አብሩትና ሁለተኛውን አሳትሙ።