አላስካ ለሳልመን ዓሣ ፋብሪካ ሥራ ለምትሄዱ፦ ማሽኑ አጠገብ እንዴት ይደረሳል?

ከሲያትል እየተነሣሁ አላስካ፣ ብሪስቶል ቤይ፣ ዓሣ ፋብሪካ ውስጥ አራት ክረምት ሠርቻለሁ። ሊሄዱ ያሰቡ ልጆች ሲደውሉልኝ «በሰዓት ስንት ነው?» ይሉኛል። ዋናው ጥያቄ ግን «የትኛው ሥራ ላይ ነው የሚያቆሙኝ?» ነው።

መጋቢት ሳያልፍ አመልክቱ። ዓሣው በሰኔ ይጀምርና ወሩ መጨረሻ ላይ ይጎርፋል፤ ያኔ በቀን 16 ሰዓት መቆም አለ። በአላስካ ሕግ በቀን ከ8 ሰዓት ያለፈው በአንድ ተኩል እጥፍ ይከፈላል፤ ትርፉም እዚያ ላይ ነው። ከመፈረማችሁ በፊት ምግብና መኝታ ከደመወዝ ይቆረጥ እንደሆነ፣ የመመለሻ ትኬቱንም ማን እንደሚችል አንብቡ። ሚጥሚጣ ያዙ። ምግቡ ሞልቷል፣ ጣዕሙን ግን ተዉት።

ጀማሪ ብዙ ጊዜ የሚመደበው «ስላይም ላይን» ላይ ነው። ዓሣው ጭንቅላቱ ተቆርጦ፣ ሆዱ ተዘርግፎ ይመጣል። እናንተ አከርካሪው ሥር የተለጠፈውን ጥቁር ደም (ኩላሊቱ ነው) ትጠርጋላችሁ። የምትጠርጉበት ማንኪያ ቱቦ ስላለው ደሙ ራሱ ይመጣል፤ አትጫኑት። እኔ ስጫን ሰንብቼ በ5ኛው ቀን ጣቶቼ አልታጠፍ አሉ፤ ሲኒ መያዝ አቃተኝ። ከጎማው ጓንት ሥር የጥጥ ጓንት አድርጉ፣ ሲረጥብም ቀይሩት።

አሁን ወደ ቁም ነገሩ። ሲያትል ውስጥ ኤድመንድ ስሚዝ የተባለ ሰው ሳልመን ቆርጦ የሚዘረግፍ ማሽን ከሠራ ከመቶ ዓመት በላይ ሆኖታል። ያኔ ፋብሪካዎቹ ውስጥ ዓሣ በእጅ ይቆርጡ የነበሩ የብዙ ቻይናውያንን ሥራ ወሰደ። ዛሬም ማሽን በገባ ቁጥር ቢላ ያዡ ይቀንሳል። ግን ማሽን ራሱን አያጥብም፣ ምላጩንም አይቀይርም። የሌሊት ጽዳት ሰው ሲፈለግ ቶሎ እጃችሁን አውጡ። ማንም አይወደውም፤ ማሽኑን ሆዱ ተከፍቶ የምታዩት ግን ያኔ ብቻ ነው።

ቀን ደግሞ ዓይናችሁን አትንቀሉ። እኔ ለሱፐርቫይዘሩ «በግራ በኩል አጥንቱ ላይ ሥጋ እየቀረ ነው» አልኩት። ምላጩ ደንዝዞ ኖሯል። በቀጣዩ ክረምት ፊሌት ማሽኑ (ሥጋውን ከአጥንቱ የሚለየው) ላይ መደበኝ።

ሳትሠለጥኑ ግን ምንም አትንኩ። ማጥፋት ብቻውን አይበቃም፤ ኃይሉን የሚያቋርጠው ዋና ማብሪያ ላይ የራሳችሁን ጓጉንቸር ቆልፉና ቁልፉን ኪሳችሁ ክተቱ። አንዴ «ለአፍታ ነው» ብዬ ሳልቆልፍ እጄን ሰደድኩ፤ ማሽኑ ጓንቴን ይዞት ሄደ። እጄ ስላልተከተለው ነው ይህን የምጽፍላችሁ።