የፖርቱጋል ክለብን ታሪክና ማንነት እንዴት ማጥናት ይቻላል? የቤሌኔንሴስ ምሳሌ

የፖርቱጋልን እግር ኳስ ከሩቅ የሚከታተል ሰው አብዛኛውን ጊዜ የሚያውቀው «ሦስቱ ታላላቆች» የሚባሉትን ቤንፊካን፣ ፖርቶንና ስፖርቲንግን ነው። የአገሪቱ ክለብ ማንነት በምን ላይ እንደሚቆም ለመረዳት የሚፈልግ አጥኚ ግን ከሊዝበኑ ቤሌኔንሴስ ቢነሣ የበለጠ ይጠቀማል ብዬ አምናለሁ። ይህ ክለብ ከራሱ የመጀመሪያ ቡድን ጋር ተለያይቶ፣ ስሙና ሜዳው በአንድ ወገን፣ በከፍተኛው ሊግ የሚጫወቱት ተጫዋቾች በሌላ ወገን የቀሩበትን ጊዜ ያሳለፈ በመሆኑ፣ በሌሎች ክለቦች ዘንድ ተሸፍኖ የሚኖረውን ጥያቄ ገልጦ ያሳያል። ከዚህ በታች የሚጠቀሱት ዘመናት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

በመጀመሪያ የምሥረታውን ቀን ይመርምሩ፤ ክለቡ ራሱ የሚያከብረውንም ቀን ሳይጠይቁ አይቀበሉ። ፖርቶ ለዚህ ጥሩ ማስጠንቀቂያ ነው። የክለቡ ልደት ለረጅም ጊዜ ሲቆጠር የኖረው ዦዜ ሞንቴይሮ ዳ ኮስታ ካደራጀበት ከ1906 ሲሆን፣ አንቶኒዮ ኒኮላው ደ አልሜይዳ በ1893 የመሠረተው ቀዳሚ ማኅበር እንደ መነሻ የተወሰደው በ1988 ነው። ቤንፊካም ልደቱን በ1904 ያክብር እንጂ፣ የዛሬ ስሙንና በአርማው ላይ የሚታየውን የብስክሌት ጎማ ያገኘው በ1908 ከሌላ ማኅበር ጋር ሲዋሐድ ነው። ስለዚህ ሁለት ቀን ባገኙ ቁጥር አንዱን እውነት ሌላውን ሐሰት ከማለት ይልቅ፣ የትኛው ቀን መቼ፣ በማንና በምን ምክንያት እንደ ተመረጠ ይጻፉ። ቤሌኔንሴስ በዚህ ረገድ አያስቸግርም፤ የተመሠረተው ሴፕቴምበር 23 ቀን 1919 ነው።

ቀጥሎ ሰፈሩን ያጥኑ። በሊዝበን ክለብ ማለት በመጀመሪያ የአንድ ሰፈር ልጆች ስብስብ ነበር። በቤሌም፣ በከተማዋ ምዕራባዊ ጫፍ በቴዦ ወንዝ ዳር፣ ጥሩ ተጫዋቾች ቢበዙም ለሌሎች ክለቦች ነበር የሚጫወቱት። ከእነርሱ አንዱ የነበረውና በቤንፊካም በስፖርቲንግም ማልያ የታወቀው አርቱር ዦዜ ፔሬይራ ጓደኞቹን አስተባብሮ የሰፈሩን ክለብ አቋቋመ። ክለቡ ሰማያዊ ማልያ ለበሰ፤ በአርማውም ላይ የክርስቶስ ማኅበር የተባለው የፈረሰኞች ማኅበር መስቀል ሰፈረ። ይህ መስቀል በአሰሳው ዘመን በፖርቱጋል መርከቦች ሸራ ላይ ይታይ የነበረው ሲሆን፣ ቫስኮ ዳ ጋማ በ1497 ወደ ሕንድ የተነሣው ከዚሁ ከቤሌም ዳርቻ ነው። አርማን ሲያነቡ እንግዲህ ምልክቱ ምን እንደ ሆነ በመናገር አያብቁ፤ ከቦታው ጋር የሚያስተሳስረውን ገመድ ይከተሉ።

ብዙ ጸሐፊዎች የሚሳሳቱት ዋንጫ ሲቆጥሩ በመሆኑ በዚህ ላይ ጊዜ መስጠት ይገባል። በፖርቱጋል ከ1922 እስከ 1938 «ካምፔዮናቶ ደ ፖርቱጋል» የሚባል ውድድር ነበር፤ አሸናፊው የፖርቱጋል ሻምፒዮን ይባል እንጂ ውድድሩ የሚካሄደው በጥሎ ማለፍ ነበር። ሁሉም ከሁሉም ጋር የሚጋጠምበት ሊግ በ1934–35 በሙከራ መልክ ጀመረ፤ በ1938–39 ደግሞ የሊጉ አንደኛ ዲቪዚዮንና የፖርቱጋል ዋንጫ በየፊናቸው ጸንተው የቀድሞውን ውድድር ተኩ። ቤሌኔንሴስ ያንን የጥሎ ማለፍ ውድድር በ1927፣ በ1929 እና በ1933 አሸንፏል። እነዚህ ሦስቱ የሊግ ሻምፒዮናዎች ናቸው ወይስ የዋንጫ ድሎች? ስፖርቲንግ በዚሁ ውድድር ያገኛቸውን አራት ድሎች ከሊግ ሻምፒዮናዎቹ ጋር ደምሮ እንዲቆጠሩለት ሲከራከር ቆይቷል። የእኔ ምክር ለአንዱ ወገን ፈርዶ ከመደመር ይልቅ፣ ሦስቱን ድሎች በራሳቸው ስም ለብቻ ማስፈር ነው።

የማያከራክረው ድል የ1945–46 ሊግ ነው። አሥራ ሁለት ቡድኖች በተወዳደሩበት በዚያ ዘመን ቤሌኔንሴስ ቤንፊካን በአንድ ነጥብ በልጦ፣ ከስፔን ድንበር አጠገብ በምትገኘው በኤልቫሽ ከተማ የመጨረሻውን ጨዋታ 2 ለ 1 አሸንፎ ሻምፒዮን ሆነ። ከሦስቱ ታላላቆች ውጭ ሊጉን ያሸነፈ የመጀመሪያው ክለብ እርሱ ነው፤ ሁለተኛው ቦአቪስታ ተራው የደረሰው በ2001 ነበር። ከዚህ ድል ጎን የ1954–55ን ሽንፈት ማስቀመጥ ግዴታ ነው። በመጨረሻው ቀን ስፖርቲንግን እየመራ የነበረው ቤሌኔንሴስ ሊጠናቀቅ ጥቂት ደቂቃዎች ሲቀሩ ግብ ተቆጥሮበት 2 ለ 2 ተለያየ፤ በነጥብ እኩል የሆነው ቤንፊካም ሻምፒዮንነቱን ወሰደ። የክለብን ማንነት ከድሎቹ ዝርዝር ብቻ የሚያወጣ ሰው ይህን ዓይነቱን ቀን ይዘላል፤ በደጋፊው ትዝታ ውስጥ ግን እንዲህ ያለ ቀን ከብዙ ድል በላይ ቦታ ይይዛል። የፖርቱጋል ዋንጫዎቹ በ1942፣ በ1960 እና በ1989 የተገኙ ናቸው።

ስለ ሜዳው ባጭሩ፦ ክለቡ ሳሌዢያስ በተባለው ሜዳ ከቆየ በኋላ፣ በሠላሳ ሰባተኛ ልደቱ ዕለት በ1956 በቀድሞ የድንጋይ ማውጫ ስፍራ ላይ የተሠራውን የሬስቴሎ ስታዲየም መርቋል።

ወደ ሰዎቹ ሲመጡ ደግሞ ከግብ ብዛት አልፈው ይጠይቁ። በ1931 በሃያ ሦስት ዓመቱ ተመርዞ የሞተው አጥቂ ፔፔ የክለቡ የመጀመሪያ ሐዘን ነው። በ1951 ከሞዛምቢክ፣ ያኔ ሎሬንሶ ማርኬስ ትባል ከነበረችው ከዛሬዋ ማፑቶ፣ የመጣው ማታቴው ሁለት ጊዜ የሊጉ ከፍተኛ ግብ አግቢ ሆኗል፤ ታናሽ ወንድሙ ቪሴንቴም በ1966 የዓለም ዋንጫ ፔሌን እንዲጠብቅ የተመደበው ተከላካይ ነበር። የቅኝ ግዛት ጉዞ የተጀመረበትን ዳርቻ በአርማው የሚያስታውስ ክለብ ከታላላቅ ኮከቦቹ መካከል ሁለቱን ከቅኝ ግዛቱ ማግኘቱን ያላነሣ ታሪክ ጎደሎ ነው። ከፖለቲካው ጋር ባለው ግንኙነትም ተመሳሳይ ጥንቃቄ ያስፈልጋል። በ1938 ፖርቱጋል በእርስ በርስ ጦርነት ላይ ከነበረችው ስፔን ከጄኔራል ፍራንኮ ወገን ቡድን ጋር ስትጫወት ተጫዋቾቹ የፋሺስት ሰላምታ እንዲሰጡ ሲጠበቅ፣ የቤሌኔንሴሱ አርቱር ኳሬዝማ እጁን ሳያነሣ ቀረ፤ የክለብ ጓደኞቹ ሲሞይንስና ማሪያኖ አማሮ ደግሞ ጡጫቸውን ጨብጠው አነሡ። ይህን አይቶ ክለቡን የተቃዋሚዎች ክለብ ማለት ግን ስሕተት ይሆናል፤ ኋላ የፖርቱጋል አምባገነናዊ አገዛዝ የመጨረሻ ፕሬዚዳንት የሆኑት አድሚራል አሜሪኮ ቶማስም ክለቡን መርተዋልና።

አሁን ወደ ዋናው ነገር እንግባ፤ የባለቤትነቱን ሰነድ ወደ መመርመር። በፖርቱጋል ክለብ ማለት መዋጮ የሚከፍሉ፣ በጠቅላላ ጉባኤ የሚመርጡ አባላት ያሉት ማኅበር ነው፤ የእግር ኳስ ቡድኑ ከብዙ የስፖርት ዘርፎቹ አንዱ ነው። ፕሮፌሽናል እግር ኳሱን ግን በሕግ የተለየ ሰውነት ያለው የስፖርት አክሲዮን ኩባንያ፣ በአጭር አጠራሩ «ሳድ»፣ ሊያስተዳድረው ይችላል። ስለዚህ ስለ ማንኛውም የፖርቱጋል ክለብ ሲያጠኑ አክሲዮኑን ማን እንደ ያዘ፣ ስሙና አርማው የማን ንብረት እንደ ሆነ፣ ስታዲየሙንም ማን ለማን እንደሚያከራይ ሦስቱን ለየብቻ ይጠይቁ።

በቤሌኔንሴስ መልሶቹ ተለያዩ። በ2012 ክለቡ ከኩባንያው አክሲዮን 51 በመቶውን ኮድሲቲ ለተባለ ባለሀብት ድርጅት ሸጠ። ግንኙነቱ እየሻከረ ሄዶ በ2018 አጋማሽ የሬስቴሎ አጠቃቀም ውል ሲያበቃ፣ ኩባንያው ተጫዋቾቹንና የአንደኛ ዲቪዚዮን ቦታውን ይዞ ወደ ዣሞር ብሔራዊ ስታዲየም ሄደ፤ ማኅበሩ ደግሞ አዲስ ቡድን አቋቁሞ በሊዝበን ክልል ዝቅተኛው ዲቪዚዮን ጀመረ። ፍርድ ቤትም ኩባንያው የክለቡን ስምና አርማ እንዳይጠቀም ከለከለ፤ ቡድኑም «ቤ ሳድ» ተብሎ ቀረ። ያም ሆኖ በኖቬምበር 2021 ቤ ሳድ በኮቪድ ምክንያት በዘጠኝ ተጫዋቾች ከቤንፊካ ጋር ጀምሮ፣ 7 ለ 0 እየተመራ ከእረፍት መልስ ጨዋታው በተቋረጠ ጊዜ፣ በርካታ የውጭ ዘገባዎች ውርደቱን በቤሌኔንሴስ ስም ጻፉት። በዚያው ጊዜ እውነተኛው ቤሌኔንሴስ በታችኛው ሊግ ደረጃ በደረጃ ይወጣ ነበር። በ2023 ማኅበሩ ወደ ሁለተኛው ዲቪዚዮን ሲያድግ፣ ቤ ሳድ በዚያው ዓመት ከሁለተኛው ወደ ሦስተኛው ወረደ።

የዚህን ክለብ የውጤት ሠንጠረዥ የሚያዘጋጅ ሰው እንግዲህ የ2018–19ን የውድድር ዘመን መስመር ሲያሰፍር ማኅበሩን መከተል አለበት፤ የአንደኛ ዲቪዚዮኑ ውጤት ከፍ ያለ ስለ ሆነ ብቻ ወደዚህ ሊዛወር አይገባም። የቤ ሳድን ዓመታት በተለየ ሠንጠረዥ ከነስማቸው ያስፍሩ፤ በ2012 እና በ2018 መካከል ባሉት ዘመናትም ግርጌ ቡድኑን ያስተዳድር የነበረው ኩባንያ አብላጫ ድርሻ ከአባላቱ እጅ ወጥቶ እንደ ነበር አንድ መስመር ይጨምሩ።