«ዋተርሼድ» የሚለውን ቃል እንደ አገባቡ ለመፍታት

በደሴና በኮምቦልቻ «ዋተርሼድ» ከግብርና ባለሙያዎች አፍ የማይጠፋ ቃል ነው። ተማሪው ግን ይኸንኑ ቃል በእንግሊዝኛ የታሪክ መጽሐፍ ውስጥ ሲያገኘው በለመደው መንገድ «ተፋሰስ» ብሎ ይፈታውና ዐረፍተ ነገሩ መላ ቅጡ ይጠፋበታል። ስለዚህ ከቃሉ ሥር መነሣት ይበጃል።

በመጀመሪያ «ሼድ» የሚለውን ክፍል ከኢንዱስትሪ ፓርክ ሼድ ይለዩት። ኮምቦልቻ ውስጥ ሼድ ሲባል ማሽን የሚተከልበት ሰፊ ሕንፃ ነው፤ ያ ቃል ከዚህኛው ጋር በድምፅ እንጂ በዘር አይገናኝም። እዚህ ያለው «ሼድ» የመጣው «ለየ፣ ከፈለ» የሚል ፍች ከነበረው ጥንታዊ የእንግሊዝኛ ግሥ ሲሆን፣ ዛፍ ቅጠሉን ሲያረግፍ ወይም ሰው እንባውን ሲያፈስ የሚነገረውም ግሥ የዚያው ዘር ነው። ጀርመኖች «ቫሰርሻይደ»፣ ማለትም «ውኃ መለያ» የሚል ቃል አላቸው፤ በ19ኛው መቶ ዘመን መጀመሪያ በጽሑፍ የታየው የእንግሊዝኛው ቃልም ከእርሱ ተቀድቶ ሳይሆን አይቀርም።

እንግዲህ ጥንተ ፍቹ ውኃን ወዲያና ወዲህ የሚለይ ከፍታ ነው። ይህን ለመረዳት የደሴን ዙሪያ ማየት ይበቃል። የደሴን ዝናብ የሚቀበለው ቦርከና በኮምቦልቻ በኩል ወርዶ ወደ አዋሽ ይገባል፤ አዋሽም ባሕር ሳያይ በአፋር ምድር፣ በአቤ ሐይቅ ይቀራል። ከደሴ በስተምዕራብ ወደ በሽሎ የሚወርደው ውኃ ግን ከአባይ ጋር ተቀላቅሎ ወደ ሜዲትራኒያን ያቀናል። በመለያው ሸንተረር ላይ ጎን ለጎን ያረፉ ሁለት ጠብታዎች ዳግም አይገናኙም ማለት ነው።

«ተፋሰስ» የሚለው ፍች የመጣው ኋላ፣ ስሙ ከሸንተረሩ ተነሥቶ ውኃው ወደሚሰበሰብበት መሬት ሲዛወር ነው፤ በአሜሪካ እንግሊዝኛ የሚያይለውም ይኸው ነው። ስለዚህ ከቃሉ አጠገብ አፈር፣ እርከን ወይም ወንዝ ካለ ሳያመነቱ «ተፋሰስ» ይበሉ። ጽሑፉ ስለ ብሪታንያ ቴሌቪዥን ከሆነ ደግሞ ለሕፃናት የማይገቡ ፕሮግራሞች የሚፈቀዱበትን፣ በእኛ አቆጣጠር ከምሽቱ 3 ሰዓት የሚጀምረውን ወሰን የሚያመለክት ነው።

ከቃሉ አጠገብ ዓመት፣ ጦርነት፣ ሕግ ወይም ምርጫ ሲገኝ የታሪክ መለያ መሆኑን ይወቁ። ይህ ፍች ጥንቃቄ ይሻል፤ ትልቅ የሆነ ነገር ሁሉ «ዋተርሼድ» አይባልምና። ከድርጊቱ በፊትና በኋላ የነበረው አካሄድ ተለያይቶ ቀርቷል ወይ ብለው ይጠይቁ። የቢሮ ምረቃን በዚህ ቃል ማሞገስ፣ በእንግሊዝኛ ሪፖርቶች ቢዘወተርም፣ ቃሉን ማርከስ ነው። ጥቅምት 17 ቀን 1909 ዓ.ም. የተደረገው የሰገሌ ጦርነት ግን ሚዛኑን ይደፋል፤ መናገሻቸውን ደሴ ላይ ያደረጉት ንጉሥ ሚካኤል በዚያ ዕለት ተማርከዋል፣ ልጃቸው ልጅ ኢያሱም ዙፋናቸውን የሚመልሱበት ተስፋ መንምኗል።

ሲተረጉሙም «ዋተርሼድ ነበር» የሚለውን በስም ብቻ ለመተካት አይድከሙ። «ወሳኝ ምዕራፍ» ስሕተት ባይሆንም የመክፈልን ሐሳብ ያስቀራል። አማርኛው በግሥ ይቀናዋልና «የሰገሌ ጦርነት የወሎን ታሪክ ለሁለት ከፈለው» ቢሉ ፍቹም ለዛውም ይጠበቃል።