ገዢ የማይበዛበት አክሲዮን፦ ቶሎ ሸጦ መውጣት ወይስ ይዞ መቆየት? እንዴት እንደሚወሰን

ሰሞኑን ብዙ ሰው «የባንክ አክሲዮን ገዝቼ በ3 ወር አትርፌ ልሽጠው?» ይለኛል። አክሲዮን በይፋ የሚገዛበትና የሚሸጥበት የኢትዮጵያ ሰነደ ሙዓለ ንዋዮች ገበያ ጥር 2017 ላይ ተከፍቶ ወጋገን ባንክ የመጀመሪያው ተመዝጋቢ ሆኗል፣ ከዛ በፊት ግን ሻጭና ገዢ የሚገናኘው በደላላና በሰው በሰው ነበር። እኔ እናቴ ታማ ብር ሲቸግረኝ 40 አክሲዮን ለመሸጥ 4 ወር ለፍቼ መጨረሻ ላይ ከገዛሁበት ዝቅ አድርጌ ነው የሰጠሁት። ባንኩ እኮ አትራፊ ነበር፣ የጠፋው ገዢ ነው። ለዛ ነው ከመግዛታችሁ በፊት መውጫውን አስቡ የምለው።

1ኛ፣ ብሩን ለዩት። የቤት ኪራይ፣ የትምህርት ቤት ክፍያ፣ የእቁብ ብር እዚህ ውስጥ አይግባ።

2ኛ፣ ገዢ የሚሰጠውንና ሻጭ የሚጠይቀውን ሁለቱንም ጠይቁ። ዋናው ነገር ይሄ ነው። እንበል ከፍተኛው ገዢ 1,150 ብር ይሰጣል፣ ዝቅተኛው ሻጭ 1,250 ይላል። በ1,250 ገዝታችሁ በዛው ቀን ሀሳባችሁን ብትቀይሩ በአንዱ አክሲዮን 100 ብር ሄደ ማለት ነው፣ 8 በመቶ፣ የብሮከር (ግዢና ሽያጩን የሚያስፈጽምላችሁ ድርጅት) ኮሚሽን ደግሞ ሲገዛም ሲሸጥም አለ። ዋጋው ያን ያህል ካልጨመረ ገና ዜሮ ላይ እንኳን አልደረሳችሁም።

3ኛ፣ ብዛቱንም እዩ። በ1,150 የሚገዛው ሰው የሚፈልገው 15 ብቻ ከሆነና እናንተ 200 ከያዛችሁ ቀሪውን ምናልባት በ1,100፣ ከዛም በ1,020 ነው የምትለቁት። የኢትዮ ቴሌኮምን ሽያጭ አስታውሱ፣ በ300 ብር 100 ሚሊዮን አክሲዮን ቀርቦ የተሸጠው 10.7 ሚሊዮን ገደማ ነው። ከዋናው ሻጭ እጅ ያልተሸጠ ይሄን ያህል ተርፎ እያለ ከእናንተ አስወድዶ የሚገዛ ከየት ይመጣል?

4ኛ፣ እንዲህም ሆኖ ለአጭር ጊዜ ልግዛ ካላችሁ ትንሽ በትንሽ ግዙ፣ ሁሌም «ከዚህ ዋጋ በላይ አልገዛም፣ ከዚህ በታች አልሸጥም» ብላችሁ ወስናችሁ ለብሮከሩ ትእዛዝ ስጡ፣ «በተገኘው ዋጋ» አትበሉ። ዋጋው ይጨምራል የምትሉበት ምክንያትም በእጃችሁ ይኑር፣ ሰው ስላወራ ብቻ አይበቃም። የብሮከሩን ፈቃድ ከካፒታል ገበያ ባለሥልጣን አረጋግጡ። በ6 ወር ካልሆነ ምን እንደምታደርጉ ደግሞ ዛሬውኑ በወረቀት ጻፉት፣ ያኔ ስሜት ይገባበታልና።

5ኛ፣ ልያዘው ካላችሁ (እኔ ለአብዛኛው ሰው ይሄን ነው የምመክረው) የባንኩን የ5 ዓመት ሪፖርት አንብቡ፣ ትርፍ በአክሲዮን ስንት እንደሆነና የተበላሸ ብድሩ (ተበዳሪ በጊዜው ያልከፈለው) እየጨመረ ነው ወይ የሚለውን ፈልጉ። ዲቪደንድ (ለባለአክሲዮን የሚከፋፈል ትርፍ) ላይ ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ጋ ነው፦ «30 በመቶ» ሲባል በሰርተፍኬቱ ላይ ከተጻፈው ዋጋ ነው። የ1,000 ብሩን አክሲዮን በ1,250 ከገዛችሁ የሚደርሳችሁ 300 ብር ነው፣ ካወጣችሁት አንጻር 24 በመቶ፣ ከሱም ላይ ግብር ይቆረጣል።

ሌላው፣ ብሔራዊ ባንክ የባንኮችን ዝቅተኛ ካፒታል 5 ቢሊዮን ብር እንዲያደርሱ እስከ ሰኔ 2018 ጊዜ ስለሰጠ ብዙዎቹ አዲስ አክሲዮን ሲያወጡ ከርመዋል። ባንክ አዲስ ሲያወጣ ነባር ባለአክሲዮን ቅድሚያ አለው፣ ካልገዛችሁ ግን ድርሻችሁ እየሳሳ ይሄዳል። ስለዚህ መጀመሪያ ስትገዙ ካላችሁ ብር ላይ ለዚህ የሚሆን አስቀሩ።

ከገዛችሁ በኋላ ስማችሁ በባለአክሲዮኖች መዝገብ መግባቱን በአካል ሄዳችሁ እዩ፣ ስልክ ስትቀይሩ አሳውቁ፣ ጠቅላላ ጉባኤ ሲጠራም ሂዱ፣ ካልቻላችሁ ወኪል ላኩ። ወረቀቱ የት እንዳለ ደግሞ ቤት ውስጥ ቢያንስ አንድ ሰው ይወቅ።